ሦስት ትርፍ ያለው አንድ ድርጅት
የመድን አክሲዮን ለያዘ ነጋዴ የሚጠቅም የፈተና መጽሐፍ

የመድን ድርጅት አክሲዮን የያዘ ነጋዴ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሄድ በልቡ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። «ዘንድሮ በመቶ ስንት ይከፈለናል?» ሒሳቡ ይነበባል፣ ትርፉ ይነገራል፣ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ምሳ ነው። ደፍሮ የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ ስለ ደመወዝና ስለ ቢሮ ኪራይ ይጠይቃል። ትልቁ ቁጥር፣ ማለትም ድርጅቱ ገና ላልከፈለው ካሳ የያዘው መጠባበቂያ፣ ማንም ሳይነካው ያልፋል።

ጨርቅ የሚነግድ ሰው የገዛበትን ዋጋ አውቆ ይሸጣል። መድን ሻጭ ግን አስቀድሞ ይሸጣል፤ ዕቃው ስንት እንዳወጣበት የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በሰኔ ሒሳብ ሲዘጋ በግንቦት መኪና የገጨው እግረኛ ገና ሆስፒታል ተኝቷል፣ ቤተሰቡም ለመድን ድርጅቱ አላመለከተም። ጉዳቱ ደርሷል፣ ወረቀቱ አልደረሰም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ደግሞ ስንት እንደሚከፈል የሚታወቀው ይግባኙ ሲያልቅ ነው። በአገራችን ከጠቅላላ መድን ከፍተኛውን አረቦን የሚያስገባው ተሽከርካሪ በመሆኑና የሦስተኛ ወገን ሽፋንም በሕግ ግዴታ በመሆኑ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ገና ያልተነገረ ካሳ እንዴት ይገመታል? ሥራው የአክቹዋሪዎች ነው። እነዚህ የሒሳብ ባለሙያዎች በዓመታት ፈተና ተጣርተው የሚወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው የአሜሪካው ካዝዋልቲ አክቹዋሪያል ሶሳይቲ በፈተና ቁጥር 5 የአረቦን ዋጋ አወጣጥንና የካሳ ዕዳ ግምትን አብሮ ይፈትናል። ለግምቱ ክፍል የተዘጋጀው መጽሐፍ ጃክሊን ፍሪድላንድ የጻፈችው ሲሆን ከ400 ገጽ በላይ ነው። ማኅበሩ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ያለ ክፍያ አስቀምጦታል። ይህ ጸሐፊ በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲማር ከዚህ የከበደ ሒሳብ አጋጥሞታል፤ መጽሐፉ በአብዛኛው የሚጠይቀው ማባዛትና ማካፈል ነው። ከባዱ ነገር ፍርዱ ነው።

አንድ ለምሳሌ ብቻ የተፈጠረ ድርጅት እንውሰድ። በዓመቱ 15 ሚሊዮን ብር አረቦን ሰብስቧል፣ 3 ሚሊዮን ለሥራ ማስኬጃ አውጥቷል። ዓመቱ ሲዘጋ የተመለከተለት ካሳ 6 ሚሊዮን ነው። ይህን ብቻ ከቀነሰ 6 ሚሊዮን አተረፈ ማለት ነው። ጉባኤው ያጨበጭባል።

አክቹዋሪው ግን የቀደሙትን ዓመታት መዝገብ አውጥቶ ይደረድራል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የተመዘገበ ካሳ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሦስተኛው ደግሞ በላዩ 20 በመቶ ሲጨምር ኖሯል እንበል። 6 ሚሊዮን በ1.5፣ ከዚያም በ1.2 ሲባዛ 10.8 ሚሊዮን ይሆናል። ትርፉ ወደ 1.2 ሚሊዮን ወረደ። ይህ ስሌት በሙያው «የሰንሰለት መሰላል» ይባላል።

ሌላም መንገድ አለ። ቦርንሁተርና ፈርጉሰን የተባሉ ሁለት አክቹዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአንድ ዓመት ወሬ ብቻ ሰምቶ ሁሉን ከማባዛት ይልቅ ለቀሪው ክፍል ቀድሞ የታሰበውን ግምት መያዝ ይሻላል ብለዋል። ድርጅታችን ከአረቦኑ 60 በመቶው፣ ማለትም 9 ሚሊዮን፣ ለካሳ ይውላል ብሎ ውሉን ሸጦ ከነበረ፣ ገና ያልተነገረው የዚህ 44 በመቶ ያህል፣ 4 ሚሊዮን ብር ነው። ከ6 ሚሊዮኑ ጋር 10 ሚሊዮን፤ ትርፉም 2 ሚሊዮን።

አንድ ድርጅት፣ አንድ መዝገብ፣ ሦስት ትርፍ። ሁለቱ በሙያው ተቀባይነት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ግን የነገን ካሳ ዛሬ ለባለአክሲዮን ማካፈል ነው።

መሰላሉም ቢሆን ካሳ ክፍሉ እንደ ወትሮው ሲሠራ ብቻ ነው የሚያስተማምነው። ክፍሉ ፋይል መክፈት ካዘገየ የዘንድሮው የተመዘገበ ካሳ ያንሳል፣ ሲባዛም ያንኑ ያህል ያንሳል፣ ትርፉም ያምራል። በርክዊስትና ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት የማስተካከያ ዘዴ ለዚሁ ዓይነት ችግር የተዘጋጀ ነው፤ ተፈታኞችም ይማሩታል። ሆን ተብሎ ለሚደበቅ ፋይል ግን ዘዴው አይደርስም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 የወደቀው ኢንዲፔንደንት ኢንሹራንስ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ካሳዎች ከመዝገብ ውጭ ተይዘው ከአክቹዋሪዎቹ ተሸሽገው ነበር። ኃላፊው ማይክል ብራይት እ.ኤ.አ. በ2007 ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በዚያው 2001፣ በመጋቢት፣ ከአውስትራሊያ ታላላቅ መድን ድርጅቶች አንዱ የነበረው ኤችአይኤች ፈረሰ። ጉድለቱ እስከ 5.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቷል። ዳኛ ኔቪል ኦወን የመሩት መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ለውድቀቱ ዋና ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው፣ ድርጅቱ ለወደፊት ካሳ በቂ መጠባበቂያ አለመያዙን ነው። ዘረፋ ዋናው ምክንያት አልነበረም። ርካሽ ዋጋ ሸጠው፣ ያነሰ ዕዳ ጻፉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ወረቀቱ ደረሰ።

የእኛ የግል መድን ድርጅቶች በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 መፈቀድ ከጀመሩ ወዲህ አክሲዮናቸው በነጋዴው እጅ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ አክሲዮን በትውውቅ ከመሻሻጥ ወደ ዋጋ መነጋገር እየተሄደ ነው። ዋጋ የሚነጋገር ሰው ደግሞ መጠባበቂያውን ማየት አለበት።

የት ያየዋል? ዓለም አቀፉ የሒሳብ አቀራረብ ደረጃ መድን ድርጅቶች ያለፉ ዓመታትን የካሳ ግምት ኋላ ከታየው ጋር ጎን ለጎን እንዲያሳዩ ያዛል። ሠንጠረዡ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ፊት ባሉት ባለቀለም ገጾች ላይ አይገኝም፤ ከኋላ ከማብራሪያዎቹ መካከል ይፈልጉት። አንድን ዓመት ይዘው በየዓመቱ የተሰጠውን ግምት በተከታታይ ያንብቡ። ቁጥሩ ወዲህም ወዲያም ካለ ግምት ነውና ያጋጥማል። ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን፣ በየጉባኤው የተከፋፈለው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ። ከምሳ በፊት ቢሆን ይመረጣል።