የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ስህተቶች በሼል ስክሪፕት

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በጽሑፍ ውስጥ የሚፈለግን የፊደላት ቅደም ተከተል የሚገልጽ ንድፍ ነው። በባሽ ሼል ንድፉ ከጽሑፍ ጋር የሚመሳከረው በ[[ ]] ውስጥ በሚጻፈው =~ ምልክት ነው። ምልክቱ የተጨመረው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ባሽ 3.0 ነው። በአንድ ሊኑክስ ላይ የሠራ ስክሪፕት በሌላው ላይ የማይሠራባቸው ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

* የሼሉ ዓይነት፦ ኡቡንቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛውን የስክሪፕት ሼል ወደ ዳሽ ቀይሯል። ዳሽ [[ ]]ን አያውቅም፤ ስለዚህ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን መጥራት አለበት።
* ትምህርተ ጥቅስ፦ ከባሽ 3.2 ወዲህ በጥቅስ ውስጥ የገባ ንድፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጠራል። ^[0-9]+$ ያለ ጥቅስ 2016ን ይቀበላል፤ በጥቅስ ግን አይቀበልም። መፍትሔው ንድፉን በተለዋዋጭ አስቀምጦ ተለዋዋጩን ያለ ጥቅስ መጥራት ነው።
* የቋንቋ ቅንብር፦ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ^.$ በዩቲኤፍ-8 ቅንብር «ሀ»ን ይቀበላል፤ «ሲ» በተባለው ቅንብር ግን ነጥቧ አንድ ባይት ብቻ ስለምትወክል አይቀበልም።

ምክንያቱን ለመለየት ማመሳከሪያውን ለብቻው አስኬዶ ወዲያው $?ን ማየት ይጠቅማል፦ 0 ተመሳስሏል፣ 1 አልተመሳሰለም፣ 2 ንድፉ ራሱ ተሳስቷል፣ 127 ሼሉ [[ን አላወቀም ማለት ነው። በ«ኢፍ» ውስጥ ግን ከ0 ሌላ ያለው ሁሉ «አልተመሳሰለም» ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ስክሪፕቱ ሳይቆም በተሳሳተው መንገድ ይቀጥላል።