ከኤጀንሲው በፊት ስለ ቤቱ ጠይቂ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «እህቴ፣ እንትን ኤጀንሲ እንዴት ነው? ይታመናል?» ሳዑዲ ሠርቼ ስለተመለስኩ ነው የምትጠይቁኝ። ግን የኤጀንሲውን ጥሩነት ብነግርሽ ብዙም አይጠቅምሽም። በአንድ ኤጀንሲ፣ በአንድ በረራ ከሄዱ ሴቶች መካከል አንዷ በየወሩ ለእናቷ ስትልክ፣ ሌላዋ ስልኳን ተነጥቃ ድምፅዋ ሲጠፋ አይቻለሁ። የለያያቸው የገቡበት ቤት ነው።

ስለዚህ አሠሪና ሠራተኛ እንዴት እንደሚገናኙ ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ አይጠፋሽም።

አሻራ ሰጥተሽ፣ ሜዲካል አልፈሽ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ስትይዢ ኤጀንሲው ሲቪ ያዘጋጅልሻል። አንድ ገጽ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ አጠገቡ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ ፎቶ። ከሥሩ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ልጅ አላት ወይ፣ ዐረብኛ ትችላለች ወይ፣ ምግብ ትሠራለች ወይ። ያ ገጽ እዚያ ላለው መክተብ፣ ማለትም ለሳዑዲው ቀጣሪ ቢሮ፣ ይላካል። አሠሪዋ ማዳም ሲቪዎቹን አገላብጣ ትመርጣለች፤ ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በባሏ ስም፣ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት ሥርዓት ውስጥ ያልቃል።

እሷ ክብደትሽን ሳይቀር ታውቃለች። አንቺስ? ብዙዎቻችን የአሠሪያችንን ስም የሰማነው ቪዛ ከወጣ በኋላ ነው። ስንት ልጅ እንዳላት፣ ቤቱ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ እንዳለ የሚናገር ሲቪ ለእኛ አይመጣም።

የሚገርመው የእሷም መረጃ ትክክል አለመሆኑ ነው። የእኔ ሲቪ ላይ «ዐረብኛ ትናገራለች፣ የዐረብ ምግብ ታውቃለች» ተብሎ ነበር። የሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ለእኔም አልተነበበልኝም። በገባሁ ማግስት ማዳም ሩዝና ዶሮ አውጥታ «ከብሳ» ብላኝ ወጣች። ስትመለስ ዶሮው እንዳለ ነው፣ እኔም እንደቆምኩ ነኝ። ስልኳን አውጥታ ሲቪዬን ከፈተችና መስመሩን በጣቷ እየመታች ጮኸችብኝ። ያን ቀን ጠላኋት። እየቆየ ነው የገባኝ፤ ብዙ ሺህ ሪያል ከፍላ የጠበቀችው ሌላ ሴት ነበር። ጩኸቷን እየደገፍኩ አይደለም። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚነሳው ጠብ ብዙው የሚጀምረው ለሁለቱም ወገን ያልሆነውን ሆነ ብሎ ከሚጽፍ ሰው ነው።

በዚያ ላይ የሙከራ ጊዜው አለ። ሳዑዲ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ሙከራ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሥራውን ካልቀጠልሽ መክተቡ ወይ ሰው ይተካል ወይ ገንዘብ ይመልሳል። ደውለሽ «አልቻልኩም» ስትይ «ትንሽ ቻዪው፣ ይለመዳል» የሚሉሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የሚመክርሽ ሰው አንቺ ብትመለሺ ምን እንደሚጎድልበት ሁሌም አስቢ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ኤጀንሲው መክተቡን፣ መክተቡ ማዳምን በዋትሳፕ ያገኛታል፤ «አይቻልም» ቢሉሽ አትመኚ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ሕፃን አለ? የታመመ ሰው አለ? ሌላ ሠራተኛ አለች? የምተኛው የት ነው? ስልኬ በእጄ ይሆናል? የሳምንት ዕረፍቴ መቼ ነው? የመጨረሻውን ስትጠይቂ አትፈሪ፤ የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን አትርሺ፦ ከእኔ በፊት የነበረችው የት ሄደች? ውሏን ጨርሳ አገሯ ከገባች ጥሩ ምልክት ነው። «ጠፋች» ካሉሽ ለምን እንደጠፋች ጠይቂ። በአጭር ጊዜ ብዙ ሴት የተለዋወጠበት ቤት ከሆነ ሌላ ቤት ይፈለግልኝ በዪ። የቀድሞዋን ሠራተኛ ስልክ ማግኘት ከቻልሽ ደግሞ ማንም ኤጀንሲ የማይነግርሽን በአሥር ደቂቃ ታውቂያለሽ።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ያንቺ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ ሜዲካል፣ ክትባትና ሲኦሲ ያለው ነው። የቲኬት ወይም የቪዛ የሚልሽ ደላላ የአሠሪውን ዕዳ ከእናትሽ በግ ላይ እየሰበሰበ ነው። ይኸው አዋጅ ውሉ ከተጣሰ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የተፈረመውን ውል እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ላኪ። «ፍሪ ቪዛ» የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀት ላይ ያለው «ከፊል» (ስፖንሰር) አንድ፣ የምትሠሪበት ቤት ሌላ ነው። ሥራ በጀመርሽበት ቀን ሕገወጥ ትሆኛለሽ፣ ደሞዝሽ ቢቀርም የምትከሺው የለሽም።

ለወሬው ማንን ልመን ትሉኛላችሁ። ቲክቶክ ላይ ወርቅ የምታሳየዋን አይደለም። የተመለሱ እህቶችም ቢሆኑ ያዩትን ሁሉ በሰው ፊት አይናገሩም፤ ሰፈር ሲሰማ ስም ይወጣልና። ለብቻዋ አግኝተሻት፣ ቡና አፍልተሽ፣ «እንዴት ነው?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ትነሺ ነበር? ደሞዝሽን ማን ነበር የሚልክልሽ?» በያት። አሁን እዚያው ከተማ በቤት ሥራ ላይ ያለች ብትሆን ደግሞ ይበልጣል። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ድርጅት አለ፤ ቤይሩት ላሰባችሁ መጀመሪያ የእነሱን ገጽ አንብቡ።

ጥያቄ ያላችሁ በድምፅም በጽሑፍም ላኩልኝ። የቤቱን ከተማና የተነገራችሁን ሁሉ ጻፉ፤ እዚያው ያሉ እህቶችን እጠይቅላችኋለሁ። የፓስፖርትና የቪዛ ፎቶ ግን ለእኔም ሆነ በግሩፕ ለማንም አትላኩ።