ሳይለኩ ማፍጠን

የሶፍትዌር ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ኮዱን ማን ለምን እንደሚጠቀምበት አያውቅም። አንዱ ለባንክ ሥርዓት፣ ሌላው ለሞባይል ጌም ይወስደዋል። ስለዚህ «እዚህ ጋ ይዘገይ ወይም ቦታ ይፈጅ ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ የሚያደርገው ማፍጠኛም ሆነ ቁጠባ ሁሉ ግምት ነው። ግምቱ በላይብረሪው ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ በኋላ ይታረማል። ሌሎች ፕሮግራመሮች ላይብረሪውን ወደሚጠሩበት በይነገጽ ከወጣ ግን ብዙዎች ሥራቸውን በላዩ ይገነቡበትና መመለሻ ያጣል።

በፕሮግራም ቋንቋው በሲ ፕላስ ፕላስ ያለውን «ቬክተር ቡል» እንይ። ቬክተር አንድ ዓይነት ዳታን በተርታ የሚይዝ ማከማቻ ነው። የቋንቋው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1998 ሲወጣ፣ እውነት ወይም ሐሰት ለሚይዘው ቬክተር፣ ለቬክተር ቡል፣ ብቻ ልዩ ደንብ ተሰጠው፤ ቦታ ለመቆጠብ ስምንት ዋጋ በአንድ ባይት እንዲታጨቅ ታሰበ። 8 ሚሊዮን ዋጋ በ8 ሜጋባይት ፈንታ 1 ሜጋባይት ይበቃዋል። ቁጠባው የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን ኮምፒውተር አድራሻ የሚሰጠው ለባይት እንጂ በውስጡ ላሉት ስምንት ቢቶች አይደለም። ስለዚህ ከሌላ ቬክተር አባል ሲጠየቅ ራሱ አባሉ ሲመጣ፣ ከዚህኛው የሚመጣው ወደ ቢቱ የሚያመለክት ተወካይ ነው። ፕሮግራመሩ የዳታውን ዓይነት ኮምፓይለሩ እንዲለይ በሚያዘው «አውቶ» በሚለው ቃል ተቀብሎ ቅጂ የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘውን ሲቀይር ቬክተሩም አብሮ ይቀየራል። ለማንኛውም ዓይነት ዳታ እንዲሠራ የተጻፈ ኮድ እዚህ ሲደርስ ይሰናከላል። የ2011ዱ ደረጃ ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ሂደቶች) የአንድ ማከማቻን የተለያዩ አባላት በአንድ ጊዜ ቢቀይሩ ችግር እንደማይኖር ዋስትና ሲሰጥ፣ ቬክተር ቡልን በስም ጠርቶ አገለለው፤ አንድ ባይት ከሚጋሩ ቢቶች አንዱ ሲጻፍ የሌላው ለውጥ ሊጠፋ ይችላልና። የሲ ፕላስ ፕላስ ባለሙያው ኸርብ ሰተር የቬክተር ቡልን ጉድለት ገና በ1999 በጽሑፍ አሳይቶ ነበር። ደንቡ ግን ዛሬም አለ።

ታዲያ ማፍጠን የሚገባው የት ነው? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ በ1971 የፎርትራን ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሥራ ጊዜ የሚፈጀው ከኮዱ 4 በመቶ የማይሞላው ክፍል መሆኑን አሳየ። ያን ክፍል የሚያገኘው የትኛው የኮድ ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚለካው መሣሪያ፣ ፕሮፋይለር፣ ነው፤ ፕሮፋይለሩ ደግሞ እውነተኛ ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ይፈልጋል። ላይብረሪው ገና ሲጻፍ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም።

በእኔ እምነት መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ውስጡ ነገ ቢለወጥ ተጠቃሚው የማያውቅበትን በይነገጽ ማበጀት ነው። አጭቆ ማስቀመጥ የግድ ካስፈለገም ራሱን የቻለ ስም ይሰጠው። በዚያው በ1998 ደረጃ ውስጥ መጠኑ አስቀድሞ ለሚታወቅ የቢት ስብስብ «ቢትሴት» ተዘጋጅቶ ነበር፤ መጠኑ ለሚለዋወጠውም ተመሳሳይ ነገር በራሱ ስም ቢጨመር፣ ቁጠባውን የፈለገ እሱን ይጠራ፣ ቬክተርም ለሁሉም ዳታ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀር ነበር።