ጊታርና ክሮቹ

አንድሬስ ሴጎቪያ እ.ኤ.አ. በ1893 በስፔን አገር የተወለደ ዝነኛ የጊታር ተጫዋች ነበር። ለመሣሪያ አመራረጥ ብርቱ ጥንቃቄ ያደርግ ስለ ነበር፣ ኸርማን ሃውዘር የተባለ ጀርመናዊ በ1937 የሠራው ጊታር እስከ 1962 ድረስ ዋነኛ መሣሪያው ሆኖ ቆይቷል።

የጊታር ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ይህም በመሆኑ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገዋል የሚሉ ነበሩ፤ ሴጎቪያ ግን ማጉያ የመሣሪያውን ቃና ያበላሻል ብሎ ስላመነ አልተቀበለውም። ጸጥ ብሎ ማዳመጥ የአድማጩ ፈንታ ነው ማለቱ ነበር።

ይበልጥ ያስቸገረው የክሩ ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን ቀጫጭኖቹ የጊታር ክሮች የሚሠሩት ከእንስሳት አንጀት ነበር። አንጀት መልካም ድምፅ ቢሰጥም፣ እርጥበት ሲነካው ቅኝቱ ይለወጣል፤ ጥፍር ሲደጋገምበት ይተለተላል፤ አንዳንድ ጊዜም በጨዋታ መካከል ይበጠሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለቁስል መስፊያ ስለ ተፈለገ፣ ለሙዚቀኛው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ሆነ። ክር ከሌለው ደግሞ የሃውዘር ጊታርም ቢሆን ባዶ ሣጥን ነው።

በዚህን ጊዜ በኒውዮርክ ይኖር የነበረው ጊታር ሠሪ አልበርት አውግስቲን ከናይለን ክር ለመሥራት ሞከረ። ናይለን እንደ አንጀት በቀላሉ አይበጠስም። አዲስ ሲወጠር ግን እየላላ ስለሚሄድ ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ መቃኘትን ይጠይቃል። ሴጎቪያ ክሩን ወደደው፤ ሌሎችም ተከተሉት። በአገራችንም ቀድሞ በአንጀት ይወጠር የነበረውን ክራር ዛሬ በናይለን የሚወጥሩ ብዙዎች ናቸው።

የሃውዘሩ ጊታር አሁን በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።