ከተዋናዩ አፍ የሚነሳ ዜማ

ለመድረክ ሙዚቃ ስሠራ ኪቦርዱን የምከፍተው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ተዋናዩ ግጥሙን ያለ ዜማ ደጋግሞ ይልልኛል፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ ትንፋሽ የት እንደሚያጥረው አዳምጣለሁ። እዚህ ነቀምቴ አብዛኛው ሥራችን በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል፤ መሬት ማለት የሆነው የኦሮምኛ ቃል ቢጎተት ለስላሳ ማለት ይሆናል። ዜማ አማረልኝ ብዬ አጭሩን አናባቢ ሁለት ምት ባስይዘው፣ ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ የተቀመጠው ተመልካች ታሪኩ ይጠፋበታል። የፊልም ዘፈንን ምስሉ ያግዘዋል። መድረክ ላይ ግን ያለው ቃሉ ብቻ ነው።

ጀማሪ አቀናባሪዎች ሲመጡ ስለ አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያን እነግራቸዋለሁ። አጎቱ ኬቮርክ ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ የአርመን ልጆች ባንድ የመራ፣ የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም ይዞ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ነርሲስ ደግሞ የማዘጋጃ ቤትንና የፖሊስን ኦርኬስትራ አሠልጥኖ፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለመድረክ ጻፈ። የኢትዮጵያን ቅኝት ለብዙ ድምፅና ለብዙ መሣሪያ ማቀናበር የዕድሜ ልክ ሥራው ነበር።

የሥራውን ክብደት የማውቀው በእጄ ስሞክረው ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ከዶ ብንጀምር ፋ እና ሲ የሉበትም። በሶል ላይ የተለመደውን ኮርድ የያዝኩ እንደሆነ ሲ ሳትጠራ ትገባለች፣ ቅኝቱም ይደበዝዛል። ስለዚህ ሶልና ሬን ብቻ ይዤ መካከሉን ክፍት እተወዋለሁ፤ ዘፋኙ የሚቆምበት ቦታ እዚያ ነው። ዛሬ ኪቦርዱ በራሱ የሚሞላውን ኮርድ እንዳለ የሚለቁ ብዙዎች ናቸው፤ ያሳዝነኛል፣ የሰፈራቸውን ዜማ በገዛ እጃቸው ያጠፋሉና።

ነቀምቴ እኮ ቃልን ጠብቃ ያቆየች ከተማ ናት። አስቴር ጋኖ 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አባባል ከአእምሮዋ ጽፋለች፤ ከፊሉም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ ገብቷል። በኋላም እስከ ዕለተ ሞቷ እዚሁ ኖራ በ1964 እ.ኤ.አ. አረፈች።

እኛም አሁን ለአዲስ ተውኔት ከሻምቡና ከአርጆ እናቶች የሠርግ ዘፈን እየቀዳን ነው። ኖታውን ከግጥሙ በላይ እጽፋለሁ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትንም ምልክት አደርጋለሁ። መለማመጃው ሲያልቅ ቅጂው ለየከተማው የኪነት ቡድን ይሰጣል።