ስለ እንቁጣጣሽ ሥዕልና ሕፃናት አበባን አይተው ስለ መሣላቸው

በአዲስ አበባ ከተማ በአራዳ፥ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያም ባሉት ሰፈሮች፥ ከጥንት የመጣ ያማረ ልማድ አለ። ይኸውም መስከረም 1 ቀን በማለዳ ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ መልአክም በወረቀት ሥለው ለጎረቤት ሁሉ ያድላሉ፤ ሴቶች ልጆችም አበባና ለምለም ሣር ይዘው የአበባዬ ሆሽን ዘፈን ይዘፍናሉ። ባለቤቱም መርቆ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል።

ይህን ልማድ የሚያደክሙት ነገሮች አሉ። ፊተኛው ታትሞ የሚሸጠው ካርድ ነው፤ ገዝቶ የሚሰጥ ልጅ እጁን አያስተምርም። ሁለተኛው የጎረቤት መበተን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በአራዳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ሥዕሉ ግን የሚሰጠው ለሚያውቁት ደጅ ነው። ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚብሰው፥ የሚሥለው ልጅ እንኳ አበባውን ሳያይ የሌላውን ሥዕል መገልበጡ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እጁ ቢሠለጥንም ዓይኑ አይሠለጥንም።

ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ አደይ አበባን በእርሻ ዳር ይመልከት። የአበባውን ቅጠሎች ቁጥር መምህሩ አይንገረው፤ ራሱ ይቁጠር። አንድ አበባ የሚመስለው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በዳር ያሉት ቢጫዎች ንብን ይጠራሉ፤ ዘር የሚይዙት ግን በመካከል የተሰበሰቡት ናቸው። በግንዱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ጫፋቸውም የተከፋፈለ ነው። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ሲሥል ያውቃል፤ ሲያውቅም ይጠነቀቃል። ለአንድ ሥዕል አንድ አበባ ይበቃልና ሜዳውን አያራቁት፤ የቀረው ለዘርና ለንብ ነው።

ቀለም የሌለው እርድን በውኃ በጥብጦ ለቢጫ፥ ለምለም ቅጠል ጨምቆ ለአረንጓዴ፥ ከሰል ደቁሶ ለጥቁር ያድርግ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ከአፈርና ከጥላሸት ቀለም ያወጡ ነበር።

በክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ሆነ ይህ ሥራ ለመምህር ብቻ አይተውም። በጳጉሜን የሰፈር ሽማግሌዎች ልጆቹን ሰብስበው ወደ ሜዳ ይውሰዷቸው። በአዲስ አበባ ያሉትም በአራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የእንስሳት ቤተ መዘክር አሳይተው ወፍና አውሬ ያሥሏቸው። ሥዕል የሚቀበል ጎረቤትም ሳንቲሙን ከመስጠቱ በፊት «ይህን የት አየኸው?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ የሚመልሰው ካለው፥ ያ ዓመት ለእርሱ በመልካም ተጀምሯል።