ጠጉራችንና የቆላው ክረምት

ክረምት ሲባል በደገኛው ዐይን የሚታየው ብርድና ጭቃ ነው። በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ ከካፖርቱ ሳይለይ ይውላል፤ ራሱንም ቢታጠብ ጠጉሩ ሳይደርቅ ይመሻል። በዚያው በሐምሌ ወር ወደ ጋምቤላ የወረደ ሰው ግን ካፖርቱን ብቻ ሳይሆን ከእናቱ ቤት ይዞት የሄደውን ልማድ ጭምር የሚያስጥል ሙቀት ይጠብቀዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ያሰብነው ከነዚህ ልማዶች ስለ አንዱ፣ ስለ ራስ ጠጉር አያያዝ ነው። ነገሩ ሴቶችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ወንድ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ራስ የሌለው ሰው የለምና።

በዩኒቨርሲቲ አብራን የተማረች አንዲት ወዳጃችን ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በጋምቤላ ሥራ አገኘች። ለመንገድ ስትነሣ እናቷ በአደስ የታሸ ቅቤ በትንሽ ጣሳ ሞልተው፣ «ልጄ፣ ራስሽን እንዳትረሺ» ብለው ሰጧት። እርስዋም የእናቷን ቃል አክብራ፣ እንደ ቤቷ ልማድ በየሳምንቱ ቅዳሜ ራሷን ተቀብታ፣ በሻሽ ጠቅልላ ታድር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ራሷ ያሳክካት ጀመር። ፎረፎሩ በትከሻዋ ላይ ይረግፋል፤ ቅቤው በሙቀቱ እየቀለጠ በአንገቷ ይወርዳል፤ ሽታውም ለራሷ ይታወቃታል። ስብሰባ በሚሆንበት ቀን ከሰው ራቅ ብላ መቀመጥ አመጣች። ውሃው ነው ብላ ውሃውን፣ ሳሙናው ነው ብላ ሳሙናውን ለወጠች። በመጨረሻም አገሩ አልተስማማኝም በማለት የዝውውር ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደረሰች። ባለፈው ክረምት ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ ማመልከቻው ገና በመሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስተዋል በመጀመሪያ የአገሩን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፣ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ስለሚዘንብ ሙቀትና እርጥበት ባንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በአየር ላይ ተንኖ ሲሄድ ነው። አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ እንደ ሆነ ግን ላቡ መሄጃ አጥቶ በቆዳችን ላይ ይቀራል፤ ጠጉር ባለበትና ሻሽ በተጠቀለለበት በራስ ቆዳ ላይ ደግሞ ይልቁን ይብሳል።

በእያንዳንዳችን ራስ ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የተባለ፣ በዐይን የማይታይ የእርሾ ዐይነት ይኖራል። ምግቡ ከቆዳችን የሚወጣው ቅባት ነው። በመጠኑ ሲኖር አይጎዳም፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ቅባት ሲበዙለት ግን ይራባል፤ ቆዳችንም ተቈጥቶ ያሳክካል፤ ይፈረፈራል። እንግዲህ ፎረፎር የሰነፍ ሰው ምልክት ነው ተብሎ መፈረድ የለበትም። ወዳጃችን ሰንፋ አልነበረም፤ እንዲያውም አብዝታ ስለ ተጠነቀቀች ላቡንና ቅርፊቱን በቅቤው ሥር ዘግታ አቆየችው።

ይህን ስንል ግን ቅቤን ለመንቀፍ አይደለም። እናቶቻችን በከንቱ አልቀቡንም። የጠቀለለ ጠጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ቅባት በቀላሉ እስከ ጫፉ ስለማይደርስለት ይደርቃል፤ ይሰበራል። በደጋው ነፋስና ብርድ ቅቤው ርጥበቱን ጠብቆ ጠጉሩን ያለሰልሰዋል። ስሕተቱ ለደጋ የተሠራውን ሥርዐት ሳይለውጡ ቆላ ይዞ መውረድ ነው።

የእርጥበቱ ነገር ጠጉር ለሚተኮሱትም እንዲሁ ነው። አንዲት የወዳጃችን የሥራ ባልደረባ ለአንድ ስብሰባ ስትል ጠጉሯን በጋለ ብረት ተተኩሳ፣ ገና ከደጅ ሳትደርስ ተመልሶ ሲጠቀለል አይተን ሦስታችንም ስቀናል። ነገሩ የተተኮሰ ነጠላ ውሃ ሲነካው እንደሚጨማደድ ያለ ነው። ብረቱ የጠጉሩን ቅርጽ የሚለውጠው በውስጡ ያሉትን ደካማ ማያያዣዎች ፈትቶ እንደገና በማሰር ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሲገባበት ደግሞ እነዚያው ማያያዣዎች ይፈቱና ጠጉሩ ወደ ባሕርዩ ይመለሳል። ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር የተባለው የጄኔቭ ሊቅ የአየርን እርጥበት በሰው ጠጉር የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ፣ በ1783 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ጠጉር ከደረቅ አየር ወጥቶ እርጥበት በሞላበት አየር ሲገባ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ይረዝማልና። ስለዚህ በቆላው ክረምት በየማለዳው ጠጉር መተኮስ ከአየሩ ጋራ መሟገት ነው፤ አየሩ ይረታል፤ የሚቃጠለው ግን ጠጉሩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወዳጃችንን የመከራት የጤና መኮንን የነገራት፣ እኛም ከልዩ ልዩ መጻሕፍት ያገኘነው ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቆዳውንና ጠጉሩን ለይቶ ማሰብ ነው። የሚያልበው ቆዳው ስለ ሆነ መታጠብ የሚገባው በተለይ ቆዳው ነው። በደጋ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠብ የነበረ ሰው በቆላ ቢያንስ በየሳምንቱ፣ ጠጉሩ አጭር የሆነ ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ሲታጠቡም በጥፍር ሳይቧጥጡ በጣት ጫፍ ማሸት፣ የልብስ ሳሙናም ጠጉርን ስለሚያደርቅ መተው ነው።

ሁለተኛ፣ ቅባት ጨርሶ አይተው፤ ስፍራውንና መጠኑን ግን ይለውጥ። ጥቂት ቀላል ዘይት በመዳፍ ላይ አሽቶ የጠጉሩን ጫፍ መቀባት ይበቃል፤ የራስ ቆዳውን መቀባት ግን ይቅር።

ሦስተኛ፣ እርጥብ ጠጉር አይሸፈን፤ አይጐንጐንም። በሚገባ ከደረቀ በኋላ ሹሩባ መሠራት ለሙቀት አገር እጅግ ይስማማል፤ ቆዳው አየር ያገኛልና። ነገር ግን ሹሩባው ቅንድብ እስኪስብ ድረስ ከጠበቀ የጠጉሩን ሥር ይነቅላል፤ ይህ ዘወትር ሲደጋገም ግንባር ይመለጣል፤ ከቆየም ጠጉሩ ተመልሶ አይበቅልም። ሻሹም ከስስ ጥጥ የተሠራ ቢሆንና ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ማበጠሪያ፣ ባርኔጣና ሻሽ መዋዋስ ይቅር። ባንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ይህን እንደ ፍቅር ምልክት ይቈጥሩታል፤ ቅማልና ቆረቆር የሚተላለፉት ግን በዚህ ነው። ጠጉር አስተካካይ ቤት የሚገባ ወንድም መቍረጫው መጽዳቱን ሳያፍር ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሳከኩ ያልቀረ እንደ ሆነ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ፣ ኬቶኮናዞል ያለበት የፎረፎር ሻምፑ አለ፤ ቆዳውን አሽተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ መታጠብ ነው። ጠጉሩ በክብ በክብ እየረገፈ ቆዳው ከተላጠ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ቆረቆር በጠጉሩ ሥር ስለሚገባ በሚቀባ መድኃኒት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ይህም ሕመም ይልቁን ሕፃናትን ስለሚይዝ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ አስታውሱት።

ወዳጃችን ምክሩን በተከተለች በወሩ ራሷ ዳነ። የቀራት ጭንቀት ግን ከማሳከኩ አላነሰም፤ የእናቷን ቅቤ መተዋን እንዴት አድርጋ ትንገራቸው? በስልክ ስታነጋግራቸው ስለ ሥራዋ አወራች፤ ስለ ዝናቡ አወራች፤ ቅቤው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እናትየውም ነገሩን አውጣጥተው ከሰሙ በኋላ ሳቁባትና፣ «አባትሽ ቆላ ሲወርዱ ጋቢያቸውን ለእኔ ትተው ነጠላ ይዘው አልነበረምን የሚሄዱት? ጋቢውን ጠልተውት ነው? ቅቤውን ተዪው፤ እዚህ ስትመጪ እኔው እቀባሻለሁ» አሏት።

«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ወጣቶች ግን በተመደብንበት አገር ሁሉ ልማዳችንን ሳንለውጥ አገሩን ለመለወጥ እንቸኩላለን፤ ያልተመቸን እንደ ሆነም ማመልከቻ እንጽፋለን። የወዳጃችን ማመልከቻ ግን አልተላከም። እኛም ስንሰናበታት በአደስ የታሸው ቅቤ ጣሳው ታጥቦ፣ በጠረጴዛዋ ላይ የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኖ አየነው።